በገዛ ፈቃዴ

«ጉዳዩ፦ የሥራ መልቀቂያ ስለመጠየቅ» የሚል ደብዳቤ ያልጻፈ ወይም ሲጻፍ ያላየ የመንግሥት ሠራተኛ ጥቂት ነው። ቅርጹ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት እምብዛም አይለያይም። ራስጌው ላይ ቀን ይቀመጣል፤ ቀጥሎ የመሥሪያ ቤቱ ስም፤ ከዚያ አመልካቿ ከዚህ ዓመት ጀምሮ በዚህ የሥራ መደብ ላይ ስትሠራ መቆየቷ፤ በመጨረሻም ሁላችንም በቃል የምናውቃት ሐረግ፦ በግል ምክንያት፣ በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን መልቀቅ ስለፈለግሁ መልቀቂያው እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ፊርማ። ግልባጭ ለሠራተኛ አስተዳደር፤ ግልባጭ ለሒሳብ ክፍል።

የግል ምክንያቱ ምን እንደሆነ ደብዳቤው አይናገርም። ቢሮው ግን ያውቀዋል። ባለቤቷ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ተዛውሯል። «ምነው ለቀቀች?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ «ባሏ ተዛውሮ ነው» ሲባል ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ሁለተኛ ጥያቄ አይከተልም። ከአለቃዋ ተጣልታ ወይም ደመወዝ አንሷት ለቅቃ ቢሆን ኖሮ የሻይ ሰዓት ወሬ ለአንድ ወር አይበቃውም ነበር። የባል መዛወር ግን ምክንያትነቱ እንደ ዝናብ ወይም እንደ ሞት ነው፤ ማንም አይከራከረውም። ይበልጥ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ እንኳ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ ሚስት ባሏን ትከተላለች፣ ከአባቶቻችን ወርዶ የመጣ ደንብ ነው ይባላል።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህች የመጨረሻዋ አባባል ናት። እውነት ከአባቶቻችን ወርዶ የመጣ ነው? ወይስ አባቶቻችን የማያውቁትን ነገር በስማቸው እያስመዘገብንባቸው ነው? ለዚህ መልስ ለመፈለግ ከጎጃም ደጋ የተሻለ ቦታ አይገኝም። አንደኛ፣ የድሮው የርስትና የጋብቻ ሥርዓት እዚያ በሚገባ ተጠንቷል። ሁለተኛ፣ ደብረ ማርቆስ ራሷ ሹማምንት የሚመጡባትና የሚሄዱባት፣ ከዝውውር ጋር ያደገች ከተማ ናት። (ሰውን ከትዳሩ ለማጣላት የተጻፈ እንዳይመስልብኝ አስቀድሜ ልናገር። ተከትለው ሄደው በደስታ የኖሩ ብዙ ናቸው። እዚህ የምንነጋገረው ስለ ትተውት ስለሄዱት ነገር ነው።)

ነገሩን ከርስት እንጀምር። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በጎጃም ደጋ የኑሮ መሠረት ርስት ነበር። ርስት ደግሞ በአባት ብቻ የሚወርድ አልነበረም፤ በእናትም ይወርዳል። ወንዱም ሴቷም ባለመብት ናቸው። አሜሪካዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓመታት ደጋ ዳሞት ውስጥ ተቀምጦ ይህንኑ ሥርዓት አጥንቷል፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። ሆበን እንደሚያስረዳው አንድ ገበሬ የዘር ሐረጉን ወደ ላይ ቆጥሮ መሬቱን መጀመሪያ ወዳቀናው አባት መድረሱን ካስመሰከረ ድርሻ ይጠይቃል። ቆጠራው በአባት በኩል ይሁን፣ በአያት እናት በኩል ይሁን ለውጥ የለውም። ሴት በመሐል ስለገባች ሐረጉ አይበጠስም። እንዲያውም ብልህ ሰው ከአባቱ ወገን የጠበበውን መሬት ከእናቱ ወይም ከሚስቱ ወገን ለማስፋት ይጥር ነበር።

ታዲያ ከአዋበል የተወለደች ልጅ ማቻከል ብትዳር ምን ይሆናል? ልጅቷ በደንቡ መሠረት ወደ ባሏ አገር ትሄዳለች። እስከዚህ ድረስ «ተከትላ ሄደች» የሚለው አባባል ልክ ነው። ነገር ግን አዋበል የቀረው ርስቷ አብሯት አልሞተም። ወንድሟ ያርሰዋል፤ ወይም በእኩል ለሌላ ይሰጣል። እሷ ባትመለስ ልጇ አድጎ፣ የእናቱን ስም ጠርቶ ሊጠይቀው ይችላል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ለዚህ ነው። ባልም ቢሆን የራሱ መሬት ጠቦት የሚስቱ ሰፊ ሲሆን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሚስቱ አገር መግባቱ ያልታየ ነገር አልነበረም።

ጋብቻውም እንዲሁ ነበር። ሰማንያ በሚባለው ጋብቻ ከወንድ ወገን የመጣው ከብት፣ ከሴት ወገን የመጣው ከብት በምስክር ፊት ይቆጠራል። ቢፋቱ የየራሳቸውን ይዘው፣ አብረው ያፈሩትን ይካፈላሉ። ፍቺ ብርቅ አልነበረምና ይህ በወረቀት ብቻ የሚኖር ደንብ አይደለም፤ በየዓመቱ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ በሬና ላም በትክክል የሚነዳበት ጉዳይ ነበር።

ይህን ስል የድሮዋን የጎጃም ሴት ኑሮ ገነት ማድረጌ አይደለም። ሴት አታርስም፤ ስለዚህ መሬቷ ዘወትር በወንድ እጅ ነው። ለብዙ ዓመት ያረሰ ወንድም የእህቱን ድርሻ የራሱ አድርጎ መቁጠር ይጀምራል። ያንን ለማስለቀቅ ዳኛ ዘንድ መመላለስ፣ ዋስ መጥራት፣ ሽማግሌ መለመን ነበረባት። መንገዱ በራቀ ቁጥር መብቱ እየመነመነ ይሄዳል። ሆኖም በመነመነና በጠፋ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የጎጃም ሙግት የዚያን ያህል ረጅምና የዚያን ያህል የበዛበት አንዱ ምክንያት ማንም ሄዶ በመቅረቱ ብቻ መብቱን ስለማያጣ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አንድ ቃል ልምጣ። ቃሉ ደመወዝ ነው። የዛሬ አንባቢ ደመወዝ ሲል በወር መጨረሻ የሚከፈለውን ብር ያስባል። ድሮ ግን የጋብቻ ዓይነትም ስም ነበር። ከቁርባንና ከሰማንያ ቀጥሎ ሦስተኛው የደመወዝ ጋብቻ ይባላል። ነጋዴው ወይም ወታደሩ ከአገሩ ርቆ ሲቀመጥ፣ በዚያ አገር ካለች ሴት ጋር በወር ወይም በዓመት ይህን ያህል እከፍላለሁ ብሎ ይዋዋላል። ቤቱን ትይዛለች፣ ታበስላለች፣ አልጋውን ትጋራለች። ልጅ ቢወለድ የአባቱ ልጅ ነው። ወንዱ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ሒሳቧን ተቀብላ ውሉ ይፈርሳል።

ነገሩ ለዛሬ ጆሮ ደስ አይልም፤ የድሮ ሰዎችም ከሦስቱ የመጨረሻውን ቦታ ነበር የሚሰጡት። ለጥያቄያችን ግን ብዙ ይናገራል። የወንድ ከቦታ ቦታ መዛወር አዲስ ነገር አይደለም። ድሮም ነበር። ለዚያ የተበጀለት መላ ግን ሚስት ኑሮዋን ጥላ ትከተል የሚል ብቻ አልነበረም። ባለ ርስቷ የሰማንያ ሚስት ቤቷንና ማሳዋን ይዛ አገሯ ትቀመጣለች፤ የተዛወረው ወንድ በደረሰበት አገር ለቤት አያያዙ ደመወዝ ይከፍላል። ወንዱ ሁለት ቤት በመያዙ የሚያመጣው ጣጣ ሌላ ነው። ያም ሆነ ይህ የሚስቲቱ ሥራ ዋጋ እንዳለው፣ ዋጋውም በቁጥር እንደሚነገር ሁለቱም ወገን ያውቁት ነበር።

ተከትለው የሄዱትስ? እነሱም ነበሩ፤ በብዛት ነበሩ። የድሮ ጦር ሲንቀሳቀስ ሴቶች አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ሠራዊት ይዘው በ1888 ወደ አድዋ ሲዘምቱ፣ እንደ ሌላው ጦር ሁሉ የእሳቸውም ሰፈር ያለ ሴቶች እጅ አይንቀሳቀስም። እህል የምትፈጨው፣ እንጀራ የምትጋግረው፣ ጠላ የምትጠምቀው፣ ውኃና እንጨት የምትሸከመው ሴት ናት። ይህችን ሴት ባሏን ተከትላ ሥራዋን ለቀቀች ልንላት አንችልም። ሥራዋን በትከሻዋ ተሸክማ ነው የሄደችው። ወፍጮው ባለበት ሁሉ ሥራ አለ። የዛሬዋ የሒሳብ ሠራተኛ ግን ወንበሯን ተሸክማ መሄድ አትችልም።

ከላይኛው ቤት ደግሞ የተገላቢጦሽ ታሪክ አለ። ጎጃምን ከአባይ ማዶ በምትጎራበተው በበጌምድር የተፈጸመ ነው። በ1909 ዓ.ም. የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሲባሉ ባለቤታቸው ራስ ጉግሣ ወሌ ነበሩ። ሚስት ወደ ዙፋን ተዛወሩ ማለት ነው። ባል ተከትለው አዲስ አበባ ገቡ? አልገቡም። መኳንንቱ የንግሥቲቱ ባል ቤተ መንግሥት ገብቶ ሥልጣኑን እንዳይጠቀልል ስለፈሩ ሁለቱ እንዲለያዩ ተደረገ፤ ራስ ጉግሣ በጌምድርን እየገዙ ቀሩ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ራስ ጉግሣ በመንግሥቱ ላይ ተነሥተው መጋቢት 22 ቀን 1922 አንቺም ላይ በጦርነት ሞቱ። ንግሥቲቱ ያረፉት በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 24 ነው። ሚስት ሲዛወሩ ባል ይከተላሉ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ቢከተሉ ኖሮም አደጋ ይሆናል ተብሎ ነበር የተፈራው። እንግዲህ «ትዳር አንድ ቦታ ነው» የሚለው ደንብ ለየትኛው ወገን እንደሚሠራ፣ ለየትኛው እንደማይሠራ ከዚህ ማየት ይቻላል።

ታዲያ የዛሬው የመልቀቂያ ደብዳቤ ከየት መጣ? ከማኅተምና ከደመወዝ መዝገብ ነው የመጣው።

ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ነበረች። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ ስሟ ተለወጠ። እስከ 1924 ድረስ ጎጃምን የገዙት ከአገሬው ቤት የወጡ መሳፍንት ነበሩ፤ የመጨረሻው የንጉሡ ልጅ ራስ ኃይሉ ናቸው። እሳቸው ከተሻሩ በኋላ ራስ እምሩ ተሾሙ። ራስ እምሩ ቀደም ሲል ሐረርን፣ ከዚያ ወሎን ገዝተው ነው ጎጃም የደረሱት። ጎጃም እንደ አንድ የሥራ መደብ ሹም የሚዛወርባት አገር መሆን የጀመረችው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

ቁርጡ የለየው ግን ከጠላት ወረራ በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1933 መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ አዲስ አበባ የደረሱት ከአንድ ወር ያህል በኋላ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በነሐሴ 1934፣ የጠቅላይ ግዛት አስተዳደር በአዋጅ ተደነገገ። ከእንግዲህ እንደራሴውም፣ ዋና ጸሐፊውም፣ የገንዘብ ሹሙም፣ ፖሊሱም የሚሾመው ከማእከል ነው፤ የሚከፈለውም ደመወዝ እንጂ ጉልት አይደለም። ደመወዝ የሚከፍል መንግሥት ሰውን በአንድ ደብዳቤ ከጎሬ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጎባ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ዝውውር የሚባለው ነገር በዛሬው ትርጉሙ የተወለደው እዚህ ነው። አንዳንዴ ዝውውሩ መንግሥት ከጭንቅ የሚወጣበት መላም ይሆናል። የጎጃም ገበሬ በ1960 በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ባመፀ ጊዜ እንደራሴው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ። ገበሬው ገዥ እንዲነሣለት ሲጠይቅ መንግሥት የሚያውቀው መልስ ዝውውር ነበር።

ከዚህ ጋር አንድ የቢሮ ቃል አብሮ መጣ፤ የጓዝ ማንሻ። መንግሥት ሠራተኛውን ሲያዛውር ለዕቃውና ለቤተሰቡ የመጓጓዣ ወጪ ይከፍላል። መልካም ነገር ነው። ግን ልብ በሉ፤ በዚያ ሒሳብ ውስጥ ሚስት የምትገኘው ከጓዙ ጋር ነው። የአውቶቡስ ዋጋዋ ይታሰባል። ደመወዝተኛ ከሆነች የምታጣው ደመወዝ ግን የሚጻፍበት ዓምድ የለም። ቅጹ ሲዘጋጅ ደመወዝተኛ ሚስት ብርቅ ስለነበረች ማን ያስባታል? ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች ክፋት አልነበራቸውም ብዬ እገምታለሁ፤ አላሰቧትም እንጂ።

ብርቅ መሆኗ ግን እየቀረ ሄደ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1923 ከተከፈተ በኋላ፣ በተለይም ከ1940ዎቹ ወዲህ፣ አስተማሪ፣ ነርስ፣ የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ፣ ስልክ አገናኝ የሆኑ ሴቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ይታዩ ጀመር። በጎንደር በ1947 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነርሶችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። አስተማሪነትና ነርስነት ለሴት ልጅ «የሚመች ሥራ» የተባሉት በርኅራኄ ጠባይ ብቻ አይመስለኝም። ትምህርት ቤትና ክሊኒክ በየከተማው አለ። ባል ቢዛወር ተከትሎ የሚሄድ ሥራ ነው። ወላጆች ይህን አስበውት ይሁን ሳያስቡት፣ ልጆቻቸውን የላኩት እንደ ወፍጮው ሊሸከሙት ወደሚችሉት ሙያ ነበር።

ሕጉስ ምን ይል ነበር? በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይላል። የጋራ መኖሪያውን የሚመርጠው ባል ነው ይላል። ምርጫው ከልክ ያለፈና በደል ያለበት ከሆነ ሚስት ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ማመልከት ትችላለች። ከባልና ከሚስት እያንዳንዱ የፈለገውን ሥራ መሥራት ይችላል፤ ሌላኛው ግን ለቤተሰቡ ጥቅም ሲል ሊቃወም ይችላል። እነዚህን አንድ ላይ ስናነባቸው ነገሩ ግልጽ ነው። ባል ባሕር ዳር ብሎ ከመረጠ መኖሪያው ባሕር ዳር ነው። ሚስት ደብረ ማርቆስ ላይ ሥራ ካላት ሥራው እንጂ መኖሪያው አይለወጥም።

ይህን ሕግ ማን አረቀቀው? ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ናቸው። በዚያን ጊዜ በአገራቸው በፈረንሳይም መኖሪያ የሚመርጠው ባል ነበር። የፈረንሳይ ሚስት ያለ ባሏ ተቃውሞ ሥራ የመያዝ መብት በሕግ የተረጋገጠላት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ባል የቤተሰብ ራስ መባሉ የቀረው በ1970፣ በመኖሪያ ምርጫ የባል ቃል የበላይ መሆኑ የቀረው ደግሞ በ1975 ነው። እርግጥ የቤታችን ሊቃውንትም ባልን የሚስት ራስ ያደረገውን የጳውሎስን መልእክት ከፈረንሳይ አልተማሩትም። ነገር ግን የጎጃሟን ሚስት መኖሪያ በባሏ ፊርማ ያሰረው የሕግ አንቀጽ ከአዋበል ሽማግሌዎች ይልቅ ለፓሪስ የሕግ መጻሕፍት ይቀርባል። ሽማግሌዎቹማ ስለ መኖሪያ ሲነሣ መጀመሪያ «መሬቱ የማን ነው?» ብለው ነበር የሚጠይቁት።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 መጣ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ርስትም ጉልትም ቀረ። የጭሰኛ አገር ከነበረው ከደቡቡ በተለየ በጎጃም አዋጁ በጥርጣሬ ነበር የታየው፤ ገበሬው ባለ ርስት ነበርና። የአዋጁን ጥቅምና ጉዳት እዚህ አንዘረዝርም። ለእኛ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ እንያዝ። ከዚያ ወዲህ መሬት የሚገኘው በዘር ቆጠራ ሳይሆን በገበሬ ማኅበር አባልነትና በነዋሪነት ሆነ። የተቀመጠ ያገኛል፤ የሄደ ያጣል። ለሺህ ዓመት ይጠብቃል የተባለው ርስት ባለቤቱን መጠበቅ አቆመ። አዋበል ተወልዳ ማቻከል የተዳረችው ሴት ወደ ኋላ ዞራ የምታየው ነገር ጠፋ። መሬቱ የቢሮን መደብ መሰለ። በ1990ዎቹ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም አብሮ ተጽፎበት መሰጠት ሲጀምር ሚስት የጋራ ባለ ይዞታ መሆኗ ተመዘገበ፤ ግን የተመዘገበችው ተከትላ በሄደችበት አገር እንጂ በተወለደችበት አይደለም።

በከተማም በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲና ከኮሌጅ የወጣ ሁሉ የሚመደበው ከማእከል ነበር። ሴቷ ወደ አንድ ክፍለ ሀገር፣ ወንዱ ወደ ሌላ ሊደርሰው ይችላል። ሥራ መልቀቅም ቀላል አልነበረም፤ መልቀቂያ የሌለው ሰው ሌላ መሥሪያ ቤት አይቀበለውም። ስለዚህ መልቀቂያ የምትባለው ወረቀት ከደመወዝ የማትተናነስ ሀብት ሆነች።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ራሷ ተዛወረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከተማዋ የመላው ጎጃም ዋና ከተማ ነበረች። በ1980 አካባቢ ጎጃም ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ሲከፈል የምሥራቁ ብቻ መቀመጫ ሆነች። ከ1983 በኋላ ክልሎች ሲቋቋሙ የክልሉ ዋና ከተማ ባሕር ዳር ሆነ፤ ደብረ ማርቆስ የዞን ከተማ ሆና ቀረች። ወንበር ሲዛወር ሰው ይዛወራል። ከፍ ያለው የሥራ መደብ፣ የተሻለው ደመወዝ፣ የፕሮጀክቱ መኪና ሁሉ ወደ ጣና ዳር ሄደ። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለሱበት መንገድ አይደለም። ባልየው ዕድገት አግኝቶ ባሕር ዳር ሲገባ፣ በዞን ቢሮ የምትሠራው ሚስት ያላት ምርጫ ሦስት ነው። ዝውውር ለምና ክፍት መደብ እስኪገኝ ትጠብቃለች፤ ቀርታ በወር አንድ ጊዜ አውቶቡስ ላይ ትገናኘዋለች፤ ወይም ያችን ደብዳቤ ትጽፋለች።

አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለመኪና መንገዱ እየተሻሻለ መጥቷል፤ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው አዲሱ የአባይ ድልድይ በ2000 ማብቂያ ተመርቋል። ለሲቪል ሰርቪስ ግን የአባይ ሸለቆ ከድሮው ይልቅ ጠልቋል። ክልሎች የየራሳቸው ሠራተኛ፣ የየራሳቸው በጀት አላቸው። በንጉሡ ዘመን ከደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤት ወደ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት የምትሄድ መምህርት በአንድ ሚኒስቴር ውስጥ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንደሄደች ነበር የምትቆጠረው። ዛሬ ከአንድ መንግሥት ወደ ሌላ መንግሥት ትሻገራለች። ሁለቱም ወገን ካልተስማሙ በቀር ዝውውር የነበረው ነገር አባይን ሲሻገር መልቀቅ ይሆናል። እንደ ወፍጮው የሚሸከሙት የተባለው ሙያ እንኳ ድልድዩ ላይ ይያዛል።

በሕግ በኩል የተሻሻለውን መካድ አይገባም። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መኖሪያን ባልና ሚስት ተስማምተው ይመርጣሉ ይላል። የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ስለዚህ ዛሬ «ባሌ ስለመረጠ» የሚል ሕጋዊ ምክንያት የለም። ደብዳቤው ግን መጻፉን አልተወም። ምክንያቱ ከሕግ ወደ ሒሳብ ተሻግሯል። ባልና ሚስት ተቀምጠው ሲመክሩ የማን ደመወዝ ይበልጣል? የማን ሥራ ቤት ወይም የቤት አበል አለው? የማን መሥሪያ ቤት መኪና ይሰጣል? ብለው ያሰላሉ። ባል ቀድሞ ስለተማረ፣ ቀድሞ ስለተቀጠረ ወይም በሚስቱ ወሊድ ዓመታት ዕድገት ስላላመለጠው ሒሳቡ አብዛኛውን ጊዜ ወደ እሱ ያጋድላል። አሁን ስትለቅ ደግሞ ለሚቀጥለው ሒሳብ የእሷ ወገን ይበልጥ ይቀልላል።

ጡረታውንም እናንሣ። ጡረታ የሚታሰበው በአገልግሎት ዘመን ነው። ከመንግሥት ሥራ ወጥታ ግል ድርጅት የገባች ሴት እስከ 2003 ድረስ የምትገባበት የጡረታ ሥርዓት አልነበረም፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በዚያ ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ባላቸውን ተከትለው የወጡት ምን እንዳጡ የሚያውቁት ስልሳ ዓመት ሲሞላቸው ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር አላስወገደውም፤ ስም ግን ሰጥቶታል። በጃፓን መሥሪያ ቤቱ ሲያዛውረው ብቻውን ሄዶ የሚኖር ባል የራሱ መጠሪያ አለው፤ ቤተሰቡ ባለበት ይቀራል። በፈረንሳይ ለሥራ የተዛወረ የትዳር ጓደኛን ተከትሎ መልቀቅ በሥራ አጥ መድን ፊት እንደ በቂ ምክንያት ይቆጠራል፤ ለቃቂዋ ወይም ለቃቂው ሥራ እስኪያገኝ ድጎማ የመጠየቅ መብት አለው። በእኛ አገር የሥራ አጥ መድን ስለሌለ ንጽጽሩ እዚያ ላይ ይቆማል። ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል። እዚያ ሴትዮዋ ምክንያቷን በደብዳቤው ላይ መጻፍ ይጠቅማታል። እዚህ «በግል ምክንያት» ብትል፣ «ባሌ ተዛውሮ» ብትል የሚለወጥ ነገር ስለሌለ፣ አጭሩን ትጽፋለች።

ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ ሁለተኛውን ምርጫ፣ ተራርቆ መኖርን፣ አጥብቦታል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቅዳሜን ደብረ ማርቆስ፣ ሰኞን ባሕር ዳር እያሉ ትዳር መያዝ አይሞከርም። ለዓመታት በአውቶቡስ የጸና ትዳር አንዱ ወገን እንዲለቅ ይገደዳል፤ ማን እንደሚለቅም ሒሳቡ አስቀድሞ ተሠርቷል።

ደብዳቤው ከገባ በኋላ ያለው ሥርዓት አጭር ነው። የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይቆጠራል። ከዚያ ርክክብ ይሆናል፤ ቁልፍ፣ የመዝገብ ሣጥን፣ ማኅተም ካለ ማኅተም። ንብረት ክፍል ይፈርማል፤ ሒሳብ ክፍል ዕዳ እንደሌለባት ይፈርማል፤ የቅርብ ኃላፊዋ ይፈርማል። የባል ፊርማ የሚቀመጥበት መስመር የለም። በመጨረሻ የሥራ ልምድ ይሰጣታል፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ሲያገለግሉ ቆይተው በገዛ ፈቃዳቸው ለቀዋል የሚል። ያንን ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልላ ባሕር ዳር ይዛው ትሄዳለች። እዚያ ክፍት የሥራ ቦታ ተለጥፎ አይታ ስታመለክት፣ ቃለ መጠይቅ አድራጊው ወረቀቱን ገልጦ መጀመሪያ የሚጠይቃት «ለምን ለቀቁ?» ብሎ ነው።